ከመርጨትሽ በፊት ድሩን እዪ

ልጄ፣ ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል ብለሽ ግቢውን በመድኃኒት ልታስረጪ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። ሙዙ መሐል መግባት አስጠልቶሻል አሉ፤ ማታ በረንዳው ላይ ድር ፊትሽ ላይ ይጠመጠማል፤ ማንጎው ሥር የተቀመጠችውን ቢጫና ጥቁሯን ደግሞ «ገዳይ ናት» ብለው አስፈራርተውሻል። ግቢው ያንቺ ነው፣ አልከለክልሽም። ዕድሜዬን በግብርና ሥራ ከሼሌ እስከ ጨንቻ ስዞር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። መርጫውን ከመሙላትሽ በፊት ጥቂት ቀን ጠዋት ጠዋት ግቢሽን ዙሪና ማን የት እንደተቀመጠ እዪ። በመጨረሻ ልታጠፊያት የምትፈልጊያት ሸረሪት ከመጸዳጃ ቤቱ ጥግና ከአሮጌው ጎማ ክምር ውጭ አትገኝም፤ እወራረድሻለሁ።

ለዚህ ትምህርት ከበጋ የተሻለ ጊዜ የለም። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ታኅሣሥና ጥር ሲመጣ አትክልት ቦታቸው ባዶ ይሆንባቸዋል። ክብ ድር የሚሠሩት ትላልቆቹ ሸረሪቶች ብርዱ ሳይገባ እንቁላላቸውን ጥለው ይሞታሉ፤ ልጆቹ ከረጢታቸው ውስጥ ሆነው ጸደይን ይጠብቃሉ። በበረዶው ላይ ሳይቀር ሲራመዱ የሚታዩት ደቃቆች ናቸው፤ የሰውነታቸው ፈሳሽ ከዜሮ በታች ወርዶም ሳይረጋ የሚቆይላቸው። አርባ ምንጭ ግን ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 እና በ1,300 ሜትር መካከል ያለች የሞቃት አገር ከተማ ናት። እዚህ ሸረሪትን የሚያሳሳት ድርቅ ነው እንጂ ብርድ አይደለም። ዝናባችን ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ትልቁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከመስከረም እስከ ኅዳር። ከዚያ በኋላ ሣሩ ይደርቃል፣ ቁጥቋጦው ይራቆታል፣ የሚበር የሚሳብ ነፍሳት ሁሉ እርጥበት ወዳለበት ይሸሻል። ከኩልፎ ወይም ከሐሬ ወንዝ በቦይ የሚጠጣ የሙዝ ማሳ፣ ዘወትር ውሃ የሚረጭበት ግቢ፣ ከቧንቧው ሥር ያለው ጎደሬ፣ እነዚህ የበጋ መጠለያ ይሆናሉ። ነፍሳቱ ሲመጣ ሸረሪቷም ትከተላለች። ስለዚህ «በዝቷል» ያልሽው ሸረሪት ምናልባት ሌላው ቦታ ደርቆበት ካንቺ ውሃ ዳር የተሰበሰበ ይሆናል።

ምክሬ ይህ ነው፦ መልኳን አትመኚ፣ ድሯንና ቦታዋን እዪ። ሰው ሸረሪትን በቀለም ለመለየት ይሞክርና ይሳሳታል። አንዲቱ ዘር በሕፃንነቷ አረንጓዴ፣ ስታድግ ቡናማ ልትሆን ትችላለች፤ ወንዱና ሴቷ የተለያየ ፍጥረት እስኪመስሉ ድረስ በመጠንም በቀለምም ይራራቃሉ። ድር ግን የወገን ፊርማ ነው። ክብ ነው ወይስ ዝርግ? ቆሟል ወይስ ተኝቷል? ቢጫ ነው ወይስ ነጭ? ወይስ ጭራሽ ድር የላትም? እነዚህን ከመለስሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። እርግጥ አስቀድሞ ሸረሪት መሆኗን ማወቅ አለብሽ፤ ስምንት እግር፣ ሁለት የሰውነት ክፍል፣ ክንፍ የላት፣ መዳሰሻ ቀንድ የላት። ቀን ቀን ድር ለመፈለግ የሚሻለው ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ፀሐይዋ ከጎን ስትመጣ ክሩ ሁሉ ይገለጣል። ጤዛ ከሌለ የአበባ ውሃ መርጫ ይዘሽ እንደ ጉም ረጨት አድርጊበት፤ አይጎዳትም።

ከሙዝ ረድፍ ወደ ሙዝ ረድፍ ተሻግሮ የተዘረጋ፣ ስፋቱ አንዳንዴ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ወርቅማ የሚያንጸባርቅ ድር ካየሽ ባለቤቲቱ የወርቅ ድር ሸረሪት ናት። ወርቅማነቱን ብርሃን የፈጠረው እንዳይመስልሽ፤ ክሩ ራሱ ቢጫ ነው። የሴቷ ገላ እግሯ ሳይቆጠር ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ራሷን ቁልቁል አድርጋ መሐል ላይ ትቀመጣለች። ከድሩ ላይኛ ክፍል ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል ሌላ ሸረሪት ካየሽ ልጇ እንዳይመስልሽ፣ ባሏ ነው። ብር የተቀቡ የሚመስሉ ጠብታ የሚያካክሉ ሌሎች ደግሞ በጠርዙ ላይ ይገኛሉ፤ እነዚያ ከሌላ ወገን የመጡ ሌቦች ናቸው፣ እሷ የናቀችውን ትንንሽ ነፍሳት ይለቅማሉ። አብዛኞቹ ክብ ድር ሠሪዎች አሮጌውን ድር በልተው በአዲስ ሲተኩ ይህች ግን የተቀደደውን እየጠገነች አንድ ቦታ ላይ ትሰነብታለች። ዛሬ ያየሻትን ከሳምንት በኋላ እዚያው የምታገኚያት ለዚህ ነው። ስለዚህ ለሥራ የምታልፊበትን መንገድ አንድ ረድፍ አዛውሪው፣ አለቀ።

የሸማኔ ልጅ ስለሆንሽ ይህንንም እወቂ። በማዳጋስካር ሲሞን ፒርስና ኒኮላስ ጎድሊ የተባሉ ሁለት ሰዎች የዚህችኑ ወገን ሸረሪቶች ከዱር እየሰበሰቡ፣ ክሩን በእጅ መሣሪያ እየሳቡ፣ ሸረሪቶቹንም ወደ ዱር እየመለሱ ቀለም ያልነካው ወርቃማ ጨርቅ አሸመኑ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸረሪት የለገሰችው ያ ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ታየ፤ በ2012 ደግሞ ከ1.2 ሚሊዮን ሸረሪቶች ክር የተሠራ ካባ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ቀረበ። ለንግድ አይሆንም፤ ሸረሪቶችን አንድ ላይ አጉረሽ ብታረቢያቸው እርስ በርስ ይበላላሉ። ዶርዜ ውስጥ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። በሸረሪት ቤት ሁለቱንም ሥራ ሴቷ ይዛዋለች፤ ክብ ድር ከሚሠሩት ወገን ወንዱ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ማጥመጃ መሥራቱን ትቶ ሚስት ፍለጋ ይንከራተታል። ይህን ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ሴቶቹ ግን «እኛ ቤትም ያው ነው» ይላሉ።

ማንጎ ሥር ያለችው «ገዳይ» የተባለችው ሌላ ናት። ክብ ድሯ ዝቅ ብሎ ከሣሩና ከቁጥቋጦው መሐል ይዘረጋል፤ መሐሉ ላይ በነጭ ወፍራም ክር የተሳለ ጥምዝምዝ መስመር አለ። ደረቷ ብርማ ነው፣ ሆዷ በቢጫ፣ በነጭና በጥቁር ተዥጎርጉሯል፣ ስምንት እግሯን ጥንድ ጥንድ አድርጋ በመስቀል ቅርጽ ትዘረጋለች። ያን ጥምዝምዝ ለምን እንደምትሠራው ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዱ ወገን ብርሃን እያንጸባረቀ ነፍሳት ይስባል ይላል፣ ሌላው ወፍ ድሩን አይታ እንድትርቅ ነው ይላል። እኔ ሁለቱም ይሆናል ባይ ነኝ። ስትጠጊያት ድሩን አጥብቃ ትንጠዋለች፤ ብዙ ሰው ያንን ልትዘልብኝ ነው ብሎ ይሸሻል። አትዘልም። በእጅሽ ጨምቀሽ ካልያዝሻት በቀር አትነክስም፤ ብትነክስም ለጤነኛ ሰው ከንብ መውጊያ የሚከፋ አይደለም። እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ቡናማ የእንቁላል ከረጢቷን ደረቅ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ካገኘሽው የሚቀጥለው ዝናብ ተምች በይ እዚያ ውስጥ አለና አትልቀሚው።

በረንዳው ላይ ፊትሽን የምትመታሽ የማታዋ ናት። አመድማ ወይም ቡናማ፣ ወፍራምና ጸጉራም ነች፤ ሲመሽ ድሯን ትዘረጋለች፣ ሲነጋ ጠቅልላ በልታ የተጠቀለለ ቅጠል ውስጥ ወይም ጣሪያው ሥር ትደበቃለች። ወደዚያ የሳባት አምፖሉ ነው፤ ነጭ መብራት የሚስበው ነፍሳት ብዙ ነው። በቢጫ አምፖል ቀይሪው፣ ወይም መብራቱን ከበሩ ራቅ አድርገሽ ስቀዪው፣ እሷም ተከትላ ትሄዳለች። እሾሃማዋን ደግሞ ከቡና ወይም ከሎሚ ዛፍ መሐል ልታገኚያት ትችያለሽ። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰች ናት፤ ሆዷ የጠነከረ ቅርፊት ነው፣ ጠርዙ ላይ እሾህ አለው። ሰው የዛፍ ፍሬ ይመስለዋል። ለወፍ ጉሮሮ እንጂ ለሰው አታስፈራም።

ቁልቋል አጥሩንና ቡገንቪሊያውን የሸፈነው የተዝረከረከ የሚመስል ድር ግን ቆም ብለሽ ልታዪው የሚገባ ነው። ቀረብ ብለሽ ስታዪው በጣም ደቃቅ ወንፊት የመሰለ አግዳሚ ድር ታገኛለሽ፤ መሐሉ ወደ ላይ ተስቦ ድንኳን ሠርቷል፤ ከላዩ የተወሳሰበ የክር ጫካ አለ። የሚያጣብቅ ሙጫ የለውም። ነፍሳቱ ከላይኛው ክር ጋር ተላትሞ ወንፊቱ ላይ ይወድቃል፣ ሸረሪቷም ከሥር ትቀበለዋለች። የእንቁላል ከረጢቶቿን ከድንኳኗ ጫፍ በላይ ቁልቁል ደርድራ ትሰቅላቸዋለች። ድሩን በየቀኑ የማትቀይር በመሆኗ አቧራውና ቅጠሉ ይከማችበታል፤ አስቀያሚነቱ ከዚያ ነው። አንዷ ከሌላዋ ክር ጋር እያያዘች ስለምትሠራ አጥሩ በሙሉ የአንድ መንደር ድር ይሆናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ለማስረዳት ሰው ይህንን ሊያሳይሽ ይችላል፤ ነገር ግን እነዚህ ምሰሶና ማገር ይጋራሉ እንጂ ምግብ አይካፈሉም፤ ጎረቤት ድንኳኗን ከረገጠች ታባርራታለች። ከልብ የሚያብሩት በአፍሪካ ደረቅ አገሮች ግራር ላይ ጎጆ የሚሠሩት ናቸው። በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው አብረው ያድናሉ፣ ልጅም አብረው ያሳድጋሉ፤ በመጨረሻ እናቶቹ ገላቸውን ለልጆቹ ምግብ አድርገው ይሰጣሉ። ተረቱ ለእነዚያ ይበልጥ ይገባቸዋል።

ድር የሌላቸው ደግሞ አሉ፤ ከእነዚህ ጋር ነው ቤት ውስጥ የምትገናኚው። ግድግዳው ላይ ቀን በፀሐይ እየዘለለች ዝንብ የምታድነው ትንሿ ዘላይ ሸረሪት ናት፤ ከፊቷ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሏት፣ ጣትሽን ብታንቀሳቅሺላት ዞራ ታይሻለች። ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። በኬንያና በኡጋንዳ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የምትኖር አንዲት ዘመዷ ከነፍሳት ሁሉ መርጣ ደም የጠገበች ቢንቢ እንደምትበላ እ.ኤ.አ. በ2005 በጥናት ታውቋል። ያቺ እኛ ጋ የለችም፤ የእኛዎቹ ያገኙትን ይበላሉ። ስለዚህ ሸረሪት አለችልኝ ብለሽ አጎበርሽን እንዳታወርጂ፣ የወባ አገር ሰው ነሽ። ማታ ግድግዳው ላይ በጣም ጠፍጣፋ ሆና ተለጥፋ የምትታየው፣ ልትነኪያት ስትዪ በዓይን ጥቅሻ ስንጥቅ ውስጥ የምትገባው ደግሞ በረሮ አዳኝ ናት፤ ተያት።

የሙዝ ዘለላ ስትቆርጪ ከመሐሉ ትልቅ፣ እግረ ረጅም፣ ቡናማ ሸረሪት ሮጣ ብትወጣ አትደንግጪ። በስልክ የሚዘዋወረው «የሙዝ ሸረሪት ሰው ገደለች» የሚለው ወሬ የደቡብ አሜሪካ ነው፤ ያቺ ኃይለኛ መርዘኛ ዘር በአፍሪካ አትገኝም። እኛ ሙዝ ውስጥ የምትገኘው ብዙውን ጊዜ በሞቃት አገር ሁሉ የተሰራጨች ሌሊት አዳኝ ናት፤ ድር አትሠራም፣ በረሮ ትበላለች፣ ዝርግ የእንቁላል ከረጢቷን ከሆዷ ሥር ታቅፋ ትዞራለች። ዘለላውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገሽ አራግፊውና ሥራሽን ቀጥዪ።

መሬት ላይ የምትሮጠውን በማታ ፈልጊያት። የእጅ ባትሪውን ከዓይንሽ አጠገብ፣ ከጆሮ ግንድሽ ጋር አስተካክለሽ ሣሩ ላይ አብሪ። አረንጓዴማ ብልጭታዎች ከመሬት ይመልሱልሻል፤ የሯጯ ሸረሪት ዓይኖች ናቸው። ስትቀርቢ ሴቷ የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ አጣብቃ ስትጎትት ልታያት ትችያለሽ፣ ወይም ልጆቿን ሁሉ ጀርባዋ ላይ አዝላ። ይህን በጓሮሽ ብቻ አድርጊው፤ በጫሞ ዳር በባትሪ የሚበራው ዓይን ቀይ ነው፣ ባለቤቱም ሸረሪት አይደለም።

አበባ ላይ ቁጭ ብላ የምታደባው ነጭ ወይም ቢጫ፣ የፊት እግሮቿን እንደ ክንድ የምትዘረጋው ከአበባው ጋር ቀለሟን ቀስ በቀስ ልትለውጥ ትችላለች፤ በቀለም አትለዪ ያልኩሽ ለዚህም ጭምር ነው። ንብም ትይዛለች። ንብ አናቢ ጎረቤትሽ ከጠየቀሽ ዝም በዪ።

ሸረሪቶቹን ራስሽ መፈለግ ከሰለቸሽ ሌላ መላ አለ። በመስኮቱ ደፍ ወይም በማድቤቱ ግድግዳ ላይ የደረቀ ጭቃ የመሰለ ጎጆ ታያለሽ፤ ቀጭን ወገብ ያላት ተርብ የሠራችው ነው። በውስጡ ያሉት ክፍሎች በሸረሪት የተሞሉ ናቸው። ተርቧ ሸረሪቶችን ወግታ ታደነዝዛቸዋለች፣ አትገድላቸውም፤ እየደረደረች ትከትና አንድ እንቁላል ጥላባቸው ትዘጋዋለች፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ትኩስ ሥጋ እየበላ ያድጋል። ያረጀውንና ቀዳዳው የተከፈተውን ትተሽ ገና የታሸገ አንዱን ብትሰብሪ ግቢሽ ውስጥ ያሉት ሸረሪቶች ዝርዝር ከነመልካቸው ይዘረገፍልሻል። እኔ የማላውቃቸውን ስንቶቹን ከዚያ አገኘሁ መሰለሽ። የአበባ ማር የምትመጠው ትንሿ ወፍም ጎጆዋን የምታያይዘው በሸረሪት ድር ነው። ድሩን ሁሉ ስትጠርጊው የእሷንም ቤት ማሰሪያ ነው የምትወስጂው።

አሁን ወደምታስፈራው እንምጣ። መጠንቀቅ ያለብሽ አንዲት ቡናማ አለች፤ በዓለም ሞቃት አገሮች ሁሉ የተሰራጨች የታወቀችው የጥቁሯ መርዘኛ እኅት። የሚለያት ቀለሟ አይደለም፤ ከግራጫ እስከ ጥቁር ትለዋወጣለች። ድሯ ቅርጽ የለውም፣ የተዘበራረቀ ነው፤ ነገር ግን በእንጨት ስትነኪው ጠንክሮ ይጎተታል፣ ሲበጠስም ይሰማል። ቦታዋ ጨለማና ማንም የማይነካው ነው፤ የመጸዳጃ ቤት ጥግ፣ የጎማ ክምር፣ የፕላስቲክ ወንበር ሥር፣ የተደፋ ማሰሮ። ሆዷ ሥር ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ የሚመስል ብርቱካንማ ምልክት አለ። ከሁሉ በላይ የማይሳሳተው ምልክቷ የእንቁላል ከረጢቷ ነው፤ ክብ፣ ክሬም ቀለም ያለው፣ ዙሪያውን በጥቃቅን እሾህ የተሞላ። እንዲያ ያለ ከረጢት ካየሽ በረጅም እንጨት ጠቅልለሽ አውጥተሽ ጨፍልቂው፣ ቦታውንም ጥረጊ። እሷ ፈሪ ናት፤ ስትነካ ሞታለች እስክትዪ ትኮራመታለች። የምትነክሰው ልብስ ወይም ጫማ ውስጥ ስትጨፈለቅ ነው። ብትነክስሽ በሳሙና ታጠቢ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት፣ አትብጪው፣ በገመድም አትሰሪው። ሕመሙ ወደ ሆድና ጀርባ ከተዛመተ፣ ላብና ቁርጠት ከመጣ፣ ወይም የተነከሰው ሕፃን ወይም አረጋዊ ከሆነ ሐኪም ቤት ሂዱ። ከጓሮ የዋለ ጫማ ሳታራግፊ እግርሽን አታስገቢ።

«ሸረሪት ሸናብኝ» የሚባለውን ግን አትቀበዪ። ከንፈሩ ወይም ቆዳው ውኃ ቋጥሮ ያደረ ሰው ሁሉ በሸረሪት ያሳብባል። ሸረሪት ሰው ላይ ሸንታ አታቆስልም። በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የሚወጣው የሚያቃጥል ውኃ ቋጠሮ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ በልጅነት ጉድፍ ያስያዘው ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ አቅም ሲደክም ሲነሣ የሚመጣ ነው። መድኃኒት አለው፤ በተለይ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይጠቅማል። እኛ ግን በቅጠልና በቅባት ስንቆይ ሰዓቱ ያልፋል፣ ሕመሙ ለወራት ይከርማል። ሌላው ከመብራት ሥር የምትመጣ ቀይና ጥቁር፣ ጉንዳን የምትመስል ትንሽ ጥንዚዛ ናት፤ ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ ፈሳሿ ያቃጥላል። እፍ ብለሽ አባሪያት እንጂ አትጨፍልቂያት፤ ከጨፈለቅሻትም ወዲያው በሳሙና ታጠቢ። ቁስል ላይ የሸረሪት ድር መለጠፍም ይቅርብሽ፤ ድሩ ከነአቧራው ነው የሚመጣው።

ስለ መርጫው አንድ ነገር ልጨምር። በ2009 ዓ.ም መጤ ተምች ወደ አገራችን ሲገባ የነበረውን ግርግር ገና ተማሪ ስለነበርሽ ላታስታውሺው ትችያለሽ። በቆሎ ያለው ሁሉ መድኃኒት ፍለጋ ወጣ። ተምቹ ገና ሲፈለፈል ከሚበሉት መሐል ሸረሪቶች ነበሩ፤ መድኃኒቱ ግን ማንን እንደሚገድል አይመርጥም። ተባይ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይራባል፣ አዳኟ ግን ለመመለስ ጊዜ ያስፈልጋታል፤ በመሐል ያለው ክፍተት የተባዩ ነው። የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን ነፍሳትና መሰል እንስሳት እንደሚበሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 አስልተዋል። ካንቺ ግቢ ድርሻው ስንት እንደሆነ ማንም አልመዘነም፤ ቀትር ላይ ከአንድ የወርቅ ድር ሥር የወደቀውን የዝንብና የጥንዚዛ ገለባ ብቻ እዪ። ለእንግዳ ሲባል በረንዳውን፣ በሩንና መስኮቱን በመጥረጊያ ጥረጊ። ሙዙን፣ አጥሩንና ማንጎውን ተዪ። መጸዳጃ ቤቱንና ጎማውን እንዳልኩሽ አድርጊ፤ ጎማውንማ ጭራሽ አስወጪው፣ ውኃ ቢያቁር ቢንቢ ይፈለፈልበታል።

በጥምቀት ማግስት ወደ አክስትሽ ጨንቻ ከወጣሽ ሌላ ዓለም ታገኛለሽ። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ከፍታው ግን ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል፤ በበጋ ሌሊቱ ይቆረጥማል። እዚያ ትላልቆቹን የቆላ ድር ሠሪዎች አትፈልጊ። ጎንበስ ብለሽ ሣሩን እዪ፤ ጠዋት ጤዛ የያዘ መሐረብ የሚያህል ዝርግ ድር ከሣር ላይ ተነጥፎ፣ ከሥሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆን ጥቁር ሸረሪት ተንጠልጥላ ታገኛለሽ። በአውሮፓ በበረዶ ላይ ይራመዳሉ ያልኩሽ ደቃቆች ወገን ናት፤ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ እያደር ከፍ ስትዪ እነሱ እየበዙ ይሄዳሉ። ጉጌ ተራራ ከጨንቻም ከፍ ይላል፤ ሂማላያ ላይ 6,700 ሜትር ድረስ የምትኖር ዘላይ ሸረሪት አለች፣ ስለዚህ ከፍታ ብቻውን አያግዳቸውም። የእንሰቱን ቅጠል ግንጥል ገልጠሽ እዪ፤ ውኃ በሚቆምበት ጉያ ውስጥ ሌሊቱን የሚሸሸጉ አሉ። አፕሉ ላይ ክሽክሽ ካለ በአቅራቢያው ደቃቃ ሸረሪት መፈለግሽን አትርሺ። አክስትሽ ቤቷ የቀርከሃ ከሆነ ጣሪያው ላይ ብዙ አትፈልጊ፤ ጭሱ ባይኖር ስንቱ ይኖርበት ነበር።

ያላወቅሻትን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። በዓለም ስም ያላቸው ሸረሪቶች ከ50,000 በላይ ናቸው፤ አገራችን ውስጥ ያሉት ገና በደንብ አልተቆጠሩም። አንዷን ከሌላዋ ዘር የሚለየው ብዙ ጊዜ በማጉያ መሣሪያ ብቻ የሚታይ የመራቢያ አካሏ ነው፤ በስልክ ፎቶ ይህ አይገኝም። ቢሆንም ከጀርባዋ፣ ከሆዷና ከፊቷ ሦስት ፎቶ፣ አራተኛ ደግሞ ድሩን ከነአካባቢው አንሺ። ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ የቆመችበትን ተክልና ከፍታውን ጻፊበት። ከጀርባ ብቻ ከተነሣች እኔ ከወገኗ ስም በላይ ልነግርሽ አልችልም።